የእናት መሳቢያ፣ የአባት መሳቢያ

«ከሁለቱም ነው የወሰድኩት» አለ ድንቡሼ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የፍሪጁን በር በጀርባው ደግፎ፣ በግራ እጁ አንድ ካሮት፣ በቀኝ እጁ ሌላ ካሮት ይዞ ቆሟል። ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም። እህቱ የደብተር ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችና አየችው።

«አንድ ካሮት አይበቃህም?»

«አንድ ከበላሁማ የአንዳቸውን ብቻ በላሁ ማለት ነው። ይሄ የእማዬ ነው፣ ይሄ የአባዬ። እኩል ነው።»

ከዚያም ተራ በተራ ይገምጣቸው ጀመር፤ አንድ ጊዜ ከዚህ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ። ሰባት ዓመቱ ነው። ድንቡሼ የተባለው ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ነው፤ ሰሞኑን ግን ጉንጩ ስሙን እየከዳው መጥቷል።

እሷ ደግሞ በቤት ውስጥ ስሟ አለቃ ነው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች መጠገኛ ቤቱ ይዟት ሲሄድ «ይሄ ብሎን የዚህ አይደለም፣ የዚያኛው ነው» እያለች ታዘው ነበር። እሱም «እሺ አለቃ» ሲል ሲል ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ቤት ግን አለቃ ሆና የምታዝዘው አንድም ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባቷ ከተኳረፉ ሰነባብተዋል። መጀመሪያ አልጋ ለዩ፣ ቀጥሎ ማዕድ ለዩ፣ በመጨረሻ ፍሪጅ ለዩ። አልጋስ ይሁን፣ ሶፋ ላይም ይተኛል፤ ፍሪጁ ግን አንድ ነው። ስለዚህ እናቷ ነጭ ፕላስተር ቆርጣ ከታች ባሉት ሁለት መሳቢያዎች ላይ ለጠፈች። በግራው «እናት»፣ በቀኙ «አባት» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ለየብቻ ይገዛሉ። ሁለቱም ጎመን ይገዛሉ፣ ሁለቱም ቲማቲም ይገዛሉ፣ ሁለቱም «ለልጆቹ ነው» ይላሉ። አንዱ የሌላውን መሳቢያ መንካት ደግሞ ነውር ሆኗል።

የሚያስቀው፣ የሚያስቅ ከሆነ፣ አባትየው ፍሪጅ ሠሪ መሆኑ ነው። የሰው ቤት ፍሪጅ ጠግኖ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቶቹን ሳይመክር አይሄድም ነበር። «መሳቢያው ሁለት የሆነው ለጌጥ መሰላችሁ?» ይላቸዋል። «ቅጠል እርጥበት ይወዳል፤ ይቺን ተንሸራታች መስኮት ዝጉለት። ፍሬ ደግሞ ይተነፍሳል፤ ክፈቱለት። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰራችኋቸው ፍሬው በትንፋሹ ቅጠሉን ያስረጀዋል። ሳታደርቁ አታስገቡ። ድንችና ሽንኩርት ደግሞ እዚህ ምን አገባቸው? አውጡልኝ።» አለቃ ይህን ምክር ከማባዣ ሠንጠረዥ ቀድማ ነው በቃሏ የያዘችው።

ያ ሰውዬ ነው እንግዲህ አሁን ከሥራ ሲመጣ የገዛውን ሁሉ፣ ፖሙንም፣ ማንጎውንም፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ሰላጣውንም፣ ሌላውን «እዚህ ምን አገባው» የሚልበትን ድንቹንም፣ ቀኙ መሳቢያ ውስጥ ጠቅጥቆ በእግሩ የሚዘጋው። እናትየውም ብትሆን ያው ናት። ሰው ሲናደድ ሙያውም አብሮት ይናደዳል መሰለኝ።

ድንቡሼ ካሮቶቹን ይዞ ሲሄድ አለቃ ጎንበስ ብላ የአባቷን መሳቢያ ሳበች። ሽታው ቀድሟት ወጣ። ሰላጣው ቡኒ ሆኖ ከፌስታሉ ጋር ተጣብቋል። ከሥሩ አባቷ «ለሁላችሁም» ብሎ ያመጣው ወይን አለ፤ ግማሹ ላሽቋል፣ ከላይ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። እጇን ልትሰድ ስትል የእናቷ ቃል ትዝ አላት። «የሱን እንዳትነኩ። እሱ ራሱ ያፅዳ።»

«እንግዲህ ራሱ ያፅዳ» አለችና መሳቢያውን መልሳ ገፋችው።

ቅዳሜ አባቷ መጠገኛ ቤቱ ጠራት። ሞተራቸው የወጣ፣ በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች እንደ ወረፋ ጠባቂ ተደርድረዋል። እሱ ግን ወደ ሥራው ሳይሆን ወደ ጓሮ በኩል እየመራ ወሰዳት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ አለቃ።»

«አባዬ፣ አታካብድ።»

«ጨፍኚ እንጂ።»

ጨፈነች። ስትገልጥ፣ ድሮ የአሮጌ ብረት ማከማቻ የነበረው ክፍል ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል አንድ አልጋ አለ፣ ከአጠገቡ የሚያጠኑበት ጠረጴዛና መብራት። በሌላኛው ግድግዳ የእሱ ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ከወገቧ የማይበልጥ ትንሽ ፍሪጅ ቆማለች፤ በሯ ነጭ፣ ጎኗ ግራጫ፣ እጀታዋ ከሌላ።

«ከአራት የሞቱ ፍሪጆች ነው ያስነሣኋት» አለ። ፊቱ ላይ ለወራት ያላየችው ፈገግታ አለ። «አልጋው ያንቺ ነው። በሳምንቱ እሑድ እንገባለን።»

አለቃ አልጋውን በእጇ ዳበሰችው። እዚህ ቤት መኖር የምር ትፈልጋለች። የአባቷን ቀልድ ትወዳለች፣ የሚበይድበትን የቀለጠ እርሳስ ሽታ ትወዳለች፣ የሞተ ሞተር «እምምም» ብሎ ሲነሣ እጅ ለእጅ መጨባበጣቸውን ትወዳለች። ደግሞም ቃል ሰጥታዋለች። እናትና አባቷ ጎረቤት እስኪሰማ የተጯጯኹ ዕለት፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ሲወጣ ተከትላው መጥታ ነበር። በር በሌለው ፍሪጅ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ብሎን መፍቻ ይዟል፤ የሚፈታው ብሎን ግን የለም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ የምትገባበት ጠፋት። «እኔ ከአንተ ጋር ነኝ፣ የትም ብትሄድ» አለችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሱም ያቺን ቃል ይዞ ይኸው ግድግዳ ቀባ፣ አልጋ ገዛ፣ ፍሪጅ ከሞት አስነሣ።

«ድንቡሼስ?» አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

«እሱ ከእናቱ ጋር ነው። ተነጋግረን ጨርሰናል፤ አንድ አንድ። በየሳምንቱ እዚህ ይመጣል፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«አንድ አንድ» አለች አለቃ።

አባቷ ፊቷን አየና በርጩማ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። «አየሽ፣ ፖም ጥሩ ነው። ሰላጣም ጥሩ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም። አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን አንዱ አንዱን ያበላሻል። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ይተርፋሉ። እኔና እናትሽም…»

«አባዬ፣ እኛ አትክልት አይደለንም።»

ሳቀ። «አትክልትማ አይደላችሁም።»

«ከሆንንስ፣ እኔ ምንድን ነኝ? ድንቡሼስ? ቅጠል ነን ፍሬ?»

«እናንተማ ሁለታችሁም…» ብሎ ጀመረ። ብሎን መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «ነይ፣ መብራቷን ላሳይሽ» አለና ተነሥቶ የትንሿን ፍሪጅ በር ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አለቃ ሻንጣዋን ማስተካከል ጀመረች። ድንቡሼ ሻንጣውን አየው። ሁልጊዜ የማያባራ አፍ አለው፤ ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሎ አገኘችው። ድንቡሼ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል። ሸሚዙ ላይ አስመልሶበታል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ምን በልተህ ነው?» አለች ተንበርክካ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጭኗ እየሳበች።

«ወይኑን።»

«የትኛውን ወይን? ያንን የሻገተውን? አንተ፣ ዓይን የለህም? ለምን በላኸው?»

ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ማንም አልበላለትም» አለ። «አባዬ ከፍቶ ሲያየው ያዝናል ብዬ ነው። ሁሉንም ጨረስኩለት።»

 መሳቢያውን ከፍታ፣ አይታ፣ በገዛ እጇ መልሳ የዘጋችው አለቃ ራሷ ናት። ወንድሟን እንዲህ ያለ ነገር ሲያስጨንቀው መክረሙን ሳታውቅ እሷ ሻንጣ ታዘጋጃለች።  ፊቱን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች ለእናቷም ለአባቷም ደወለች።

እናቷ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች፤ ጣቶቿ ላይ የደንበኛ ቀለም አለ። አባቷ ከኋላዋ ደረሰ። ሁለቱም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተጋጩ።

«ምን በልቶ ነው?» አለ አባቷ።

«የተበላሸ ወይን» አለች አለቃ።

«ከማን መሳቢያ?» አለች እናቷ።

አለቃ ቀና ብላ አየቻት። ልጁ ወለል ላይ ተኝቷል፤ እናቱ የጠየቀችው ግን ይህን ነው።

«በይ እንግዲህ ጀምሪ» አለ አባቷ። «ድሮም ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ፕላስተር የለጠፈው ማን ሆነና? ያንን ባትለጥፊ ኖሮ…»

«እኔ ነኝ ያበሰበስኩት? ቤት ገብተህ አንድ ቀን ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ልጆቹ እንዳይነኩት አድርገሽ…»

«ከሁለቱም ነው» አለ ድንቡሼ ከመሬት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ከሁለቱም ነው የበላሁት። እኩል።»

ውሸቱን ነው። አለቃ ታውቃለች፣ እነሱም ያውቃሉ፤ የእናቱ መሳቢያ ውስጥ ወይን የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።  ከዚያ አባቱ ጎንበስ ብሎ አቀፈው፣ እናቱ ጫማውን ፈልጋ አመጣች፣ ምንም ሳይነጋገሩ ክሊኒክ ይዘውት ሄዱ።

ክፉ ነገር አልደረሰበትም። ሐኪሙ ውሃ በብዛት ይጠጣ፣ ይረፍ ብሎ መለሰው። አባትየው ልጁን አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ ራስጌው ተቀምጦ እስኪተኛ ጠበቀው።

አለቃ በዚያ መሀል ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱንም መሳቢያዎች ነቅላ አወጣች። ፕላስተሮቹን ላጠቻቸው። «እናት» የሚለው ቶሎ ተላጠ፤ «አባት» የሚለውን በጥፍሯ መፋቅ ነበረባት። የበሰበሰውን ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ከታ፣ መሳቢያዎቹን በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥባ፣ በጨርቅ አደረቀች። ከዚያ የተረፈውን አትክልት ወለል ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የማን የማን እንደሆነ ሳትለይ ጎመኑን ከጎመን፣ ፖሙን ከፖም ጋር መመደብ ያዘች።

እናቷ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። አለቃ ቁጣ ጠበቀች።

«የቀኙ የአባትሽ…»

«የማንም አይደለም» አለች አለቃ፣ ቀና ሳትል። «ይሄኛው የቅጠል ነው፣ ይሄኛው የፍሬ። በቃ።»

እናቷ መጥታ ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ንጹሕ ፎጣ አንሥታ የታጠበውን ቆስጣ ቅጠል በቅጠል ታደርቅ ጀመር። ሲሠሩ ቆዩ። አንዳቸው ሲያቀብሉ አንዳቸው ሲደረድሩ፣ ለጥቂት ጊዜ ቤቱ የድሮው ቤት መሰለ። አለቃም ሳታስበው ተስፋ አደረገች። ሞኝነት ነው፤ ግን አደረገች።

«እማዬ፣ በቃ ነው? ምንም ተስፋ የለም?»

እናቷ እጇ ላይ ያለውን ቅጠል አስቀመጠች። «ምንም የለም ልጄ» አለች በቀስታ። «ሞክረናል። አንቺ የማታውቂውን ብዙ ሞክረናል። አሁን አንድ ቤት ውስጥ ብንቀር እንደ ዛሬው ነው የምንሆነው። ዛሬ ልጄ ወድቆ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ ሰምተሻል።» ፎጣውን አጣጠፈች። «ራሴን ጠላሁት።»

አለቃ አለቀሰች። እናቷ በቀለም የበለዘ እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። «አባትሽ ጋ በመሄድሽ አልቀየምሽም። ድሮም የሱ ልጅ ነሽ። ማንም እንዲያስጨንቅሽ አልፈልግም» አለቻት።

አለቃ ተነሣች። የፍሬውን መሳቢያ አስገብታ ተንሸራታች መስኮቷን ከፈተች፣ የቅጠሉን አስገብታ ዘጋች። ከዚያ ሄዳ የተኛ ወንድሟን አየችው። አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጥሎታል፤ የድንቡሼ እጅ የአባቱን እጅጌ ጨብጧል።

እሑድ ጠዋት አባቷ የተዋሳትን ፒክአፕ በር ላይ አቁሞ ዕቃውን ይጭን ነበር። ዕቃው ጥቂት ነው፤ ልብስ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ሬዲዮ፣ አንድ ብርድ ልብስ። አለቃ ካርቶን ይዛ ወጣች። ውስጡ ቅጠሉ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሏል፣ ፍሬው በሌላ ወረቀት ከረጢት ተለይቷል።

«ጎመኑን ዛሬውኑ አስገባው» አለች። «ፖሙን ከላይ መደርደሪያው ላይ አድርገው፣ እዚያች ትንሿ ውስጥ መሳቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ። እንዳትቀላቅላቸው። ማንጎውን ደግሞ ቶሎ ብላው፣ በስሏል።»

«ለኔ ነው እንዴ ፍሪጅ የምታስተምሪው?» ሲል እየሳቀ ካርቶኑን ተቀበላት። «እዚያው አብረን እንደረድረው የለ? ሻንጣሽን አምጪና እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

አለቃ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷ ካርቶኑን መኪናው ላይ አስቀመጠ፣ ዞር ብሎ አያት፣ መልሶ ካርቶኑን አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

«እናትሽ ናት?»

«አይደለችም። ሂጂ ብላኛለች።»

«ታዲያ?»

«ከድንቡሼ ጋር ልሁን» አለች። የተዘጋጀችበት ብዙ ንግግር ነበራት፤ መጀመሪያ የወጣው ግን ይህ ነው። «ቃል ሰጥቼህ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔም እዚያ መኖር እፈልግ ነበር፣ የምሬን ነው አባዬ፣ በጣም እፈልግ ነበር። ግን እሱ ሁለታችሁንም ላለማስቀየም ሲል ራሱን ይገድላል። የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።»

«እኔስ?» አለ አባቷ።

እንዳለው ወዲያው የተጸጸተ ይመስል ፊቱን አዞረ። የመኪናውን ገመድ ያዘ፣ የታሰረውን ገመድ ፈትቶ እንደገና አሰረው።   አለቃ አጠገቡ ሄዳ ጀርባውን አቀፈችው፣ ፊቷን ሸሚዙ ላይ ተክላ እንደ ትንሽ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እሱም ዞሮ አቀፋት። 

«አልጋውን አላነሣውም» አለ በመጨረሻ።

«አታንሣው። ከትምህርት ቤት በኋላ እመጣለሁ። ቅዳሜ ድንቡሼን ይዤው እመጣለሁ።»

«እሺ አለቃ» አለ። መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ ሄደ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ የፍሬን መብራቱ በራ፣ ጠፋ፤ መኪናውም ከዓይኗ ተሰወረ።

አለቃ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገባች። ድንቡሼ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብሏል። እግሮቹን አንጠልጥሎ፣ በሁለት እጁ የሻንጣውን ጠርዝ ጨብጦ፣ ከቁርስ ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።

«ተነሣ» አለችው።

«ልትሄጂ ነው?»

«ልብሴን ላወጣ ነው። ተነሣልኝ።»

ወረደ። አለቃ ዚፑን ከፈተች፣ ከላይ ያለውን ሹራብ አንሥታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለችው። ቀጥሎ ሱሪዋን፣ ቀጥሎ ሌላ ሹራብ። እንባዋ አላቆመም፤ እሷም ልታቆመው አልሞከረችም።  ድንቡሼ ሻንጣው አጠገብ ተንበርክኮ ካልሲዎቿን ጥንድ ጥንዱን እየፈለገ ያቀብላት ጀመር።